ሰው ሠራሽ ደንበኞች፦ የዳታቤዝ ሰርቨር የጭነት ፍተሻ ታሪክ

በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚጠቀሙበት የመረጃ ቋት፣ በተለመደው አጠራር ዳታቤዝ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያን ሁሉ ሰው መሸከም መቻሉ መረጋገጥ አለበት። ይሁን እንጂ ለሙከራ ተብሎ አሥር ሺህ ሰው በአሥር ሺህ መሣሪያ ፊት አስቀምጦ በአንድ ሰዓት ትእዛዝ እንዲልክ ማድረግ የማይታሰብ በመሆኑ፣ የሙያው ሰዎች ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሰውን ቦታ ተክቶ የሚሠራ ፕሮግራም ወደ መጻፍ አዘንብለዋል። ይህ ፕሮግራም መረጃውን ይዞ ለጠያቂዎች ከሚያቀርበው ኮምፒውተር፣ ማለትም ከሰርቨሩ ጋር፣ ብዙ ግንኙነቶችን ባንድነት ይከፍታል፤ በእያንዳንዱ ግንኙነት እውነተኛ ደንበኛ የሚልከውን ዓይነት ጥያቄ ይልካል፤ መልሱ እስኪመጣ የፈጀውን ጊዜም ይመዘግባል። የግንኙነቶቹ ቁጥር ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር እየተደረገ ሰርቨሩ የሚዘገይበት፣ ቀጥሎም የሚወድቅበት ልክ የሚታወቅበት ይህ ሥራ የጭነት ፍተሻ ይባላል።

የሙያው ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው በቁጥር ሲሆን፣ ይኸውም ሰርቨሮች በሰከንድ ወይም በደቂቃ ስንት ትራንዛክሽን መፈጸም እንደቻሉ በሚያሳይ ሰንጠረዥ ነው። ትራንዛክሽን ማለት ወይ በሙሉ የሚፈጸም ወይ እንዳልተጀመረ የሚቆጠር፣ በመካከል ተቆርጦ የማይቀር የሥራ አሐድ ነው፤ ከአንድ ሒሳብ ገንዘብ ቀንሶ በሌላው ላይ መጨመር የተለመደ ምሳሌው ነው። የቁጥሮቹ ማደግ ግን ስለ ኮምፒውተሮች ዕድገት የሚነግረውን ያህል ስለ ፍተሻው አይነግርም። ፍተሻው ራሱ ያለፈበትን መንገድ ለመረዳት መከተል የሚገባው ሰው ሠራሹ ደንበኛ ምን ያህል ሰውን እንዲመስል እንደ ተደረገ ነው፤ በተለይም ሰው በሁለት ትእዛዞች መካከል ቆም ብሎ የሚያስብበት ጊዜ ተሰጠው ወይስ ተነፈገው የሚለው ጥያቄ ከዚህ ሙያ ታሪክ ጋር ከመጀመሪያ እስከ ዛሬ አብሮ ዘልቋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ሳይንሳዊ መሠረቱ ከኮምፒውተርም ይቀድማል። በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው የሒሳብ ሊቅ አግነር ኤርላንግ በ1909 ባሳተመው ጥናት፣ እርስ በርሳቸው ያልተነጋገሩ ሰዎች የሚደውሏቸው ጥሪዎች በዘፈቀደ ቢመጡም ብዛታቸው በሒሳብ ሊገለጽ እንደሚችል አሳይቷል። ይህ እውቀት ወደ ኮምፒውተር የተሻገረው አንድን ማሽን ብዙ ሰዎች በየተርሚናላቸው እንዲጋሩት ማድረግ ሲጀመር ነው። ተርሚናል የራሱ የማስላት ኃይል የሌለው፣ ጽሑፍ መላኪያና መቀበያ ብቻ የሆነ መሣሪያ ነበር። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በአሕጽሮት ኤምአይቲ፣ ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ በ1961 ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳዩት ሲቲኤስኤስ የተባለ ሥርዓት እየዳበረ ሄዶ ሠላሳ ያህል ሰዎችን በአንድ ጊዜ ማስተናገድ ሲችል፣ እነዚህ ሰዎች ማሽኑን በእርግጥ ምን ያህል እንደሚጭኑት ማወቅ አስፈላጊ ሆነ።

መልሱን በ1965 ያቀረበው በዚያው ተቋም የዶክትሬት ተማሪ የነበረው አለን ሸር ነው። ሸር የሲቲኤስኤስን ተጠቃሚዎች በሥራ ላይ እንዳሉ ለካቸው፤ ከመለኪያዎቹም ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ዘመን የተሻገረው አንድ ተጠቃሚ መልስ ከደረሰው በኋላ ቀጣዩን ትእዛዝ እስኪልክ ድረስ የሚቆይበት ጊዜ ነው። አማካዩ 35 ሰከንድ ያህል ሆኖ የተገኘው ይህ ቆይታ የማሰቢያ ጊዜ ተባለ። ሠላሳ ሰዎች በየ35 ሰከንዱ አንድ ትእዛዝ ቢልኩ ማሽኑ ላይ የሚደርሰው በሰከንድ አንድ ትእዛዝ እንኳ አይሞላም፤ የማሰቢያው ጊዜ ቢወገድ ግን እነዚያው ሠላሳ ሰዎች ማሽኑን ያለ ፋታ ሊይዙት ይችላሉ። በአጭሩ፣ በሰከንድ የሚፈጸመው ሥራ የተጠቃሚዎቹ ቁጥር ለማሰቢያ ጊዜና ለምላሽ ጊዜ ድምር ሲካፈል ከሚገኘው ውጤት ጋር እኩል ነው፤ የምላሽ ጊዜ የሚባለው ትእዛዙ ከተላከበት ቅጽበት እስከ መልሱ መድረስ ያለው ቆይታ ነው። ይህ ስሌት ጆን ሊትል በ1961 ከሒሳባዊ ማረጋገጫ ጋር ያቀረበው የወረፋ ሕግ ልጅ ሲሆን፣ የጭነት ፍተሻ ባለሙያ የራሱ ውጤት እውነት መሆኑን ለመመርመር ዛሬም ከእጁ ሊለየው የማይገባ መሣሪያ ነው።

ከመለካት ወደ ማስመሰል የተደረገው ሽግግር ብዙ አልዘገየም። በኤምአይቲ የማክ ፕሮጀክት በ1969 የወጣ፣ ግሪንባም የተባለ ተመራማሪ የጻፈው የጥናት ሪፖርት፣ ብዙ ተጠቃሚዎችን አስመስሎ አንድን የጋራ ኮምፒውተር የሚያሠራ አስመሳይ ሥርዓትን ይገልጻል። ቀስ በቀስ የሙያው ደንብ የሆነው አሠራርም በእነዚህ ዓመታት መልክ ያዘ፦ ፈታኙ በአንድ ማሽን፣ ተፈታኙ በሌላ ማሽን ላይ ሆነው በእውነተኛ የመገናኛ መስመር መተያየት አለባቸው። ሁለቱ በአንድ ማሽን ላይ ከሆኑ አስመሳዩ ፕሮግራም ራሱ ከተፈታኙ ኃይል ይሻማል፤ መልእክቱም የኔትወርኩን መንገድ ሳይጓዝ ስለሚደርስ የሚገኘው ቁጥር በአንድ በኩል ከእውነቱ ያነሰ፣ በሌላ በኩል ከእውነቱ የበለጠ ይሆናል።

በንግዱ ዓለም ይህን ዓይነት ፍተሻ የግድ ያደረገው የአየር መንገዶችና የባንኮች ሥራ ነበር። አሜሪካን አየር መንገድና አይቢኤም የሠሩት ሴበር የተባለ የመቀመጫ ማስያዣ ሥርዓት በ1964 ሙሉ በሙሉ ሥራ ሲጀምር፣ በሁለት አይቢኤም 7090 ኮምፒውተሮች ላይ በቀን 84,000 ያህል የስልክ ጥሪዎችን የሚያስተናግዱ ሠራተኞችን ያገለግል ነበር፤ እንዲህ ያለ ሥርዓት ለጥቂት ደቂቃ ቢቆም ጉዳቱ በቢሮ ውስጥ የሚቀር አልነበረም። አይቢኤም በ1976 ቲፒኤንኤስ የተሰኘ ሶፍትዌር ለገበያ ባቀረበ ጊዜ፣ ተርሚናሎችንና መስመሮቻቸውን በጅምላ ማስመሰል ከምርምር ቤት ወጥቶ በዋጋ የሚገዛ ዕቃ ሆነ። በእነዚህ መሣሪያዎች ቋንቋ አስመሳዩ ማሽን የርቀት ተርሚናል አስመሳይ ተባለ፤ የተፈታኙም ሰርቨር ዋነኛ መለያ ከሩቅ የሚመጣውን ጥያቄ ሰው ይላከው ማሽን ይላከው መለየት አለመቻሉ ነበር።

ዛሬ ድረስ ፍተሻዎች የሚከተሉት የሥራ ናሙና ግን የተወለደው ከባንክ ቤት ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ባንክ አንድ ሺህ ቅርንጫፎቹን፣ አሥር ሺህ ገንዘብ ተቀባይና ከፋዮቹን፣ አሥር ሚሊዮን የደንበኞች ሒሳቦቹን በቀጥታ ከኮምፒውተር ጋር ሊያገናኝ አሰበ። ሥራው በዝርዝር ሲታይ ቀላል ነው። በባንክ ቤት አጠራር ቴለር የሚባለው ገንዘብ ተቀባይና ከፋይ የደንበኛውን የሒሳብ ቁጥርና የገንዘቡን መጠን ያስገባል፤ ሥርዓቱ የደንበኛውን ቀሪ ሒሳብ ያስተካክላል፤ የድርጊቱን መዝገብ ይጽፋል፤ የቴለሩን የእጅ ገንዘብና የቅርንጫፉን ጠቅላላ ድምር ያስተካክላል፤ ከዚያም መልስ ይመልሳል። አንድ ቴለር በየመቶ ሰከንዱ አንድ ደንበኛ ቢያስተናግድ አሥር ሺህ ቴለሮች በሰከንድ መቶ ትራንዛክሽን ያመነጫሉ ማለት ነው፤ ከሸር ጥናት የተወረሰው ስሌት እዚህ ላይ ሳይዛነፍ ይታያል።

ይህን ናሙና ወደ መለኪያነት የለወጠው ጂም ግሬይ ነው። ግሬይ በትራንዛክሽን ሳይንስ ላይ በሠራው ሥራ በ1998 የቱሪንግ ሽልማትን የተቀዳጀ ሰው ሲሆን፣ በ1980ዎቹ የማይቋረጥ አገልግሎት የሚሰጡ ኮምፒውተሮችን በሚሠራው በታንደም ኩባንያ ውስጥ ነበር። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ አምራች የራሱን ማሽን በሚስማማው መንገድ ይለካ ስለነበር የአንዱን ቁጥር ከሌላው ማነጻጸር አይቻልም ነበር። ዳታሜሽን የተባለው መጽሔት በሚያዝያ 1 ቀን 1985 ባወጣው ጽሑፍ የትራንዛክሽን አፈጻጸም ኃይል እንዴት ሊለካ እንደሚገባ የሚገልጽ ሐሳብ ቀረበ፤ በዝግጅቱ ከኩባንያዎችና ከዩኒቨርሲቲዎች የመጡ ሁለት ደርዘን ያህል ሰዎች የተሳተፉ ቢሆንም፣ ጽሑፉ የወጣው ስማቸው ባልተገለጸ ጸሐፍት ስም ነው። በውስጡ ከነበሩት ሦስት ፈተናዎች ሁለቱ መረጃን መደርደርንና መቃኘትን የሚመለከቱ ሲሆኑ፣ ዘመን የተሻገረው ሦስተኛው፣ ዴቢትክሬዲት የተባለው የባንኩ ናሙና ነው።

የዴቢትክሬዲት ጥበብ ያለው ቁጥሮቹን እርስ በርስ በማሰሩ ላይ ነው። አንድ አምራች በሰከንድ መቶ ትራንዛክሽን እፈጽማለሁ የሚል ከሆነ የግድ አሥር ሚሊዮን ሒሳብ የያዘ ዳታቤዝና አሥር ሺህ ተርሚናል የሚያስመስል ጭነት ማቅረብ ይኖርበታል፤ ሁለት መቶ እፈጽማለሁ ካለ ሁሉም በእጥፍ ያድጋል። ይህ ማሰሪያ ባይኖር ኖሮ ትንሽ ዳታቤዝ በኮምፒውተሩ ዋና ማህደረ ትውስታ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተቀምጦ፣ ዲስክ ሳይነካ፣ ለእውነተኛ ባንክ የማይረባ ግን የሚያስደምም ቁጥር ሊሰጥ ይችል ነበር። ከዚህም ሌላ ከመቶ ትራንዛክሽኖች ዘጠና አምስቱ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መመለስ ነበረባቸው፤ አማካይ ብቻ ቢጠየቅ የጥቂት ደንበኞች ረጅም ስቃይ በብዙዎች ፈጣን መልስ ውስጥ ተሸፍኖ ይቀር ነበርና። ከትራንዛክሽኖቹም መካከል አሥራ አምስት በመቶው ሒሳቡ ከተከፈተበት ውጭ ባለ ቅርንጫፍ እንዲፈጸሙ ተወሰነ። የማሽኑና የሶፍትዌሩ የአምስት ዓመት ወጪ ተደምሮ ለአፈጻጸሙ እንዲካፈል መደረጉም፣ ፍጥነትን ከዋጋ ለይቶ ማሳየትን ከባድ አድርጎታል።

አምራቾች ይህን ሐሳብ በደስታ ተቀበሉት፤ ከሁሉ በፊት ከፈተናው ያወጡት ግን በተርሚናሉ ፊት የሚያስበውን ሰው ነበር። አይቢኤም ቲፒ1 የተባለ የራሱ ፈተና ነበረው፤ ሥራው ከባንኩ ናሙና ጋር ይመሳሰላል፣ ሆኖም ተርሚናልም፣ ኔትወርክም፣ የማሰቢያ ጊዜም የለውም። ትራንዛክሽኖቹ በማሽኑ ውስጥ ተደርድረው አንዱ ሲያልቅ ሌላው ወዲያው ይከተላል። በዚህ መንገድ የተገኘ ቁጥር ከሙሉው ዴቢትክሬዲት እጅግ የላቀ ቢሆን የሚያስገርም አይደለም፤ ምክንያቱም አሥር ሺህ ግንኙነቶችን ከፍቶ መያዝ፣ ከየአንዳንዳቸው የሚመጣውን መልእክት መቀበልና ለትክክለኛው ባለቤት መልስ ማድረስ ራሱን የቻለ ከባድ ሥራ ነው። ችግሩ አንዳንዶች በቲፒ1 የለኩትን በዴቢትክሬዲት ስም ማስታወቃቸው ነበር። ገዢዎችም በአንድ ስም በተጠሩ ሁለት ዓይነት ሚዛኖች ፊት ቆሙ።

ታንደም በ1987 ኖንስቶፕ ኤስኪውኤል ለተባለው ዳታቤዙ በሰከንድ 208 ትራንዛክሽን ማስመዝገቡን ሲያስታውቅ፣ ፍተሻውን ከኩባንያው ውጭ ያለ ኦዲተር፣ ቶም ሶየር፣ እንዲመረምረው አደረገ። ይህ እርምጃ ከቁጥሩ ይልቅ ዘላቂ ዋጋ ነበረው፤ ከዚያ በኋላ ያለ ምስክር የሚወጣ ውጤት በጥርጣሬ ይታይ ጀመር። ሶየር ከገበያ ተንታኙ ከኦምሪ ሰርሊን ጋር ሆኖ የዴቢትክሬዲትን ዝቅተኛ መስፈርቶች በጽሑፍ አወጣ፤ ሰርሊንም ስምንት ኩባንያዎችን አግባብቶ በነሐሴ 1988 የትራንዛክሽን አፈጻጸም ምክር ቤት፣ በአሕጽሮት ቲፒሲ፣ እንዲመሠረት አደረገ። ተፎካካሪዎች የሚለኩበትን ሚዛን አብረው ለማበጀት መቀመጣቸው በዚህ ኢንዱስትሪ ታሪክ ከፍ ያለ ቦታ ሊሰጠው የሚገባ ክንውን ነው።

ምክር ቤቱ በኅዳር 1989 ያወጣው የመጀመሪያ ፈተና፣ ቲፒሲ-ኤ፣ ሰውየውን ወደ ቦታው መለሰው፣ ነገር ግን በድርድር አጣደፈው፦ የቴለሩ ዙር ከመቶ ሰከንድ ወደ አሥር ሰከንድ ዝቅ አለ፤ ስለዚህም ለእያንዳንዱ የሰከንድ ትራንዛክሽን መቶ ተርሚናል ማስመሰል ቀርቶ አሥር በቂ ሆነ። የምላሽ መስፈርቱም ዘጠና በመቶው ከሁለት ሰከንድ በታች ወደሚል ላላ። በ1990 የወጣው ቲፒሲ-ቢ ደግሞ ተርሚናሎቹን ጨርሶ አስወግዶ የዳታቤዙን ልብ ብቻ የሚፈትን፣ በይፋ የታወቀ የቲፒ1 ወራሽ ሆነ። ልዩነቱ በመጀመሪያዎቹ ውጤቶች ላይ በግልጽ ይነበባል፦ በሐምሌ 1990 የተመዘገበው የመጀመሪያው የቲፒሲ-ኤ ውጤት በሰከንድ 33 ትራንዛክሽን፣ ለእያንዳንዱም 25,500 ዶላር ሲሆን፣ የመጀመሪያው የቲፒሲ-ቢ ውጤት 102.94 ትራንዛክሽን፣ ለእያንዳንዱ 4,167 ዶላር ነበር። ማሽኖቹ አንድ ባለመሆናቸው ሁለቱን ቁጥሮች በቀጥታ ማወዳደር ባይገባም፣ ሰውን ማስተናገድ ምን ያህል ወጪ እንዳለው ግን በቂ ፍንጭ ይሰጣሉ።

ቲፒሲ-ኤ ከክርክር አላመለጠም፤ በ1993 ስታንዲሽ ግሩፕ የተባለ አማካሪ ድርጅት፣ የዳታቤዝ አምራቹ ኦራክል በዳታቤዙ ላይ የጨመረው አንድ ልዩ አማራጭ የቲፒሲ-ኤን ውጤት ለማሳደግ እንጂ ለተራ ደንበኛ ጥቅም የታሰበ አይደለም ሲል ከሰሰ፤ ኦራክልም የተጻፈውን ደንብ እንዳከበረ ገልጾ ክሱን አስተባበለ። ክርክሩ ያስገኘው ፍሬ ለፈተና ብቻ ተብለው የሚሠሩ አማራጮችን የሚከለክል አንቀጽ ነው።

የሰው ሠራሹ ደንበኛ ሥዕል ከሁሉ በላይ የተሟላው ከዚህ ክርክር ቀደም ብሎ በሐምሌ 1992 በጸደቀው በቲፒሲ-ሲ ነው። እዚህ ላይ ባንኩ ቀርቶ የጅምላ ሻጭ ድርጅት ይመጣል፦ እያንዳንዱ መጋዘን አሥር ወረዳዎችን፣ እያንዳንዱ ወረዳ 3,000 ደንበኞችን ያገለግላል፤ የዕቃው ዓይነት 100,000 ነው። ሥራውም አንድ ወጥ መሆኑ ቀርቶ አምስት ዓይነት ሆነ፤ አዲስ ትእዛዝ መቀበልና ክፍያ መመዝገብ አብዛኛውን ድርሻ ሲይዙ፣ የትእዛዝን ሁኔታ ማየት፣ ዕቃ መላክና የክምችት መጠንን መፈተሽ ቀሪውን ይካፈላሉ። አስመሳዩ ሠራተኛ አዲስ ትእዛዝ ሲያስገባ በቁልፎቹ ላይ ለመጻፍ 18 ሰከንድ ይወስዳል፤ መልሱን ካየ በኋላ በአማካይ 12 ሰከንድ ያስባል፣ ይህም ቆይታ እንደ ሰው ልማድ አንዴ ሲያጥር አንዴ ሲረዝም በዘፈቀደ ይለዋወጣል። ከመቶ አዲስ ትእዛዞች አንዱ የሌለ የዕቃ ቁጥር ይይዛል፤ ሰው ይሳሳታልና፣ ሰርቨሩም የጀመረውን ሥራ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። ክፍያ የሚፈጽሙ ደንበኞችም አብዛኞቹ የሚፈለጉት በመለያ ቁጥራቸው ሳይሆን በአባት ስማቸው ነው፤ ስማቸው የሚመሳሰል በርካቶች ስለሚኖሩም ሰርቨሩ ከመካከላቸው መምረጥ ይገደዳል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ለማሽን መለኪያ የተጻፈ ሰነድ ውስጥ መገኘቱ፣ ጸሐፊዎቹ ከማሽኑ ባሻገር ሠራተኛውን አትኩረው እንዳዩት ያመለክታል።

ከእነዚህ ቆይታዎች የተነሣ አንድ መጋዘን አሥር ተርሚናሎቹን ይዞ በደቂቃ ከ12.86 በላይ አዲስ ትእዛዝ ሊያመነጭ አይችልም። ስለዚህ ከፍ ያለ ቁጥር የሚፈልግ ሁሉ መጋዘን መጨመር፣ መጋዘን የሚጨምር ሁሉ ዳታቤዙን ማስፋትና አስመሳይ ተርሚናሎችን ማብዛት ግዴታው ሆነ። በመስከረም 1992 የታተመው የመጀመሪያ ውጤት በደቂቃ 54 አዲስ ትእዛዝ፣ ለእያንዳንዱም 188,562 ዶላር ነበር፤ በ1998 መጀመሪያ ላይ ከፍተኛው ውጤት 52,871፣ ዋጋውም ወደ 135 ዶላር ደርሷል። በዚህ ፍጥነት ፍተሻውን ማካሄድ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ግንኙነቶችን ከፍቶ መያዝ ስለሚጠይቅ አምራቾቹ በተርሚናሎቹና በዳታቤዙ መካከል የትራንዛክሽን አቀናባሪ የሚባል ሶፍትዌር አስገቡ፤ ከእነዚህ አንዱ በቤል ላብራቶሪዎች የተወለደው ተክሲዶ ነው። አቀናባሪው ብዙ ሺህ ደንበኞችን ተቀብሎ ጥያቄዎቻቸውን ወደ ዳታቤዙ በሚያመሩ ጥቂት ቋሚ ግንኙነቶች ያስተላልፋል። የሚያስብ ሰው ግንኙነት አያሻውም፤ ግንኙነቱ የሚያስፈልገው ጥያቄው በሚፈጸምባት ቅጽበት ብቻ ነው። ዛሬ የግንኙነት ቋት በሚባል ስም በየድረ ገጹ ጀርባ የሚሠራው ዘዴ ይህንኑ መርህ የተከተለ ነው።

ኦዲተርና በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር መሣሪያ የሚጠይቀው ይህ ፍተሻ የታላላቅ አምራቾች ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር፤ ለተራው ባለሙያ መንገድ የከፈቱት ሌሎች ናቸው። በ1989 የተመሠረተው መርኩሪ ኢንተራክቲቭ፣ ሎድራነር በተባለው ምርቱ ምናባዊ ተጠቃሚ የሚለውን አጠራር በየድርጅቱ አስለመደ፤ ኩባንያውንም ኤችፒ በ2006 በ4.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። በ1998 መጨረሻ የወጣው ጄሜተር ያንኑ ተግባር በነፃ አቀረበ። ለኦራክል በስቲቭ ሾው የተጀመረው፣ ኋላ ሐመርዲቢ የተባለው መሣሪያ ከቲፒሲ-ሲ የተቀዳ ጭነትን በአንድ ላፕቶፕ እስከ ማስነሣት የቀለለ ሲሆን፣ ከ2019 ጀምሮ በቲፒሲ ጥላ ሥር ይገኛል።

ከሁሉም በላይ የተስፋፋው ግን ምናልባት ከሁሉም ቀላሉ፣ ጃፓናዊው ታትሱኦ ኢሺ በ1990ዎቹ መጨረሻ ፖስትግሬስኪውኤል ለተባለው ነፃ ዳታቤዝ የጻፈው ፒጂቤንች ነው። ፒጂቤንች ሲነሣ አራት ሰንጠረዦችን ያበጃል፦ ቅርንጫፎች፣ ቴለሮች፣ ሒሳቦችና መዝገብ፤ ለእያንዳንዱ የመጠን አሐድም አንድ ቅርንጫፍ፣ አሥር ቴለርና 100,000 ሒሳብ ይሞላል። ይህ ከቲፒሲ-ቢ የተወሰደ መዋቅር ነው። ቲፒሲ-ቢ ራሱ በ1995 ከአገልግሎት ቢሰናበትም፣ የ1970ዎቹ ባንክ ሥራ በየዕለቱ በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን ጊዜ ይደገማል። ከቲፒሲ-ቢ የተወረሰው ጉድለትም አብሮት አለ፦ የማሰቢያ ጊዜ በራሱ የለም፣ ፈላጊው በራሱ ጽሑፍ ካላስገባው በስተቀር። በዚህ ምክንያት በፒጂቤንች መቶ ግንኙነት ከፍቶ የሚፈትን ሰው የሚያየው መቶ ሰዎችን ሳይሆን፣ በመቶ ሰከንድ አንድ ደንበኛ በሚያስተናግድ ቴለር ሲመነዘር ብዙ ሺህ ሰዎች የሚፈጥሩትን ጭነት ነው።

የመሣሪያው መመሪያ ራሱ በቀላሉ የሚዘነጋ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፦ የመጠን አሐዱ ቢያንስ ከግንኙነቶቹ ቁጥር ጋር መተካከል አለበት። እያንዳንዱ ትራንዛክሽን የአንድን ቅርንጫፍ ድምር ስለሚያስተካክል፣ ቅርንጫፉ አንድ ብቻ ከሆነ ሁሉም ግንኙነቶች ያንን አንድ መስመር ለመያዝ ይሰለፋሉ፤ ፈታኙም የሰርቨሩን አቅም የለካ እየመሰለው የአንድን መቆለፊያ ወረፋ ይለካል። በሌላ በኩል አስመሳዩ ራሱ ማነቆ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እስከ 2010 ድረስ ፒጂቤንች ሁሉንም ደንበኞች በአንድ የሥራ ክር ያስተዳድር ስለነበር፣ ብዙ ማዕከላዊ አንጎለ ኮምፒውተር ያላቸው ሰርቨሮች በመጡበት ዘመን ከተፈታኙ ይልቅ ፈታኙ ቀድሞ ይደክም ነበር፤ በዚያ ዓመት የወጣው እትም ሥራውን በብዙ ክሮች እንዲከፋፈል አስቻለው።

የማሰቢያው ጊዜ ክርክር በሌላ መልክ ያገረሸው በ2000ዎቹ አጋማሽ ነው። ቢያንካ ሽሮደር፣ አዳም ዋይርማንና ሞር ሃርኮል-ባልተር በ2006 ባቀረቡት ጥናት ዝግና ክፍት የተባሉ ሁለት የጭነት ዓይነቶችን ለይተው አንዱን በሌላው መተካት ለከባድ ስሕተት እንደሚዳርግ አሳዩ። በዝግ ጭነት የደንበኞቹ ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ መልስ ያላገኘ ደንበኛ ሌላ ጥያቄ አይልክም፤ በክፍት ጭነት ግን ደንበኞች ከውጭ ይመጣሉ፣ ሰርቨሩ ይዘግይ አይዘግይ ሳያውቁ። ወፍጮ ቤት ድንጋዩ ተሰብሮ ሲቆም ከየመንደሩ እህል ተሸክሞ የሚመጣው ሰው እንደማይቆም ሁሉ፣ በኢንተርኔት በኩል የሚመጣ ደንበኛም ሰርቨሩ እስኪያገግም ቤቱ አይጠብቅም። አብዛኞቹ የፍተሻ መሣሪያዎች ዝግ ስለሆኑ ሰርቨሩ ለአሥር ሰከንድ ቢቆም አስመሳዮቹም አብረው ይቆማሉ፤ በመዝገቡ ላይ የሚቀረው የየግንኙነቱ አንዳንድ ረጅም ምላሽ ብቻ ሲሆን፣ በእነዚያ አሥር ሰከንዶች ውስጥ ሊመጡ የሚገባቸው ሺህ ጥያቄዎች ጨርሶ አይቆጠሩም። ጊል ቴኔ የተባለ መሐንዲስ ለዚህ ስውር ጉድለት ስም ሰጥቶ የሙያው መነጋገሪያ አድርጎታል። ፒጂቤንችም በ2014 እትሙ ጥያቄዎችን በተወሰነ ፍጥነት የሚልክ፣ የምላሹንም ጊዜ ጥያቄው ሊላክ ከሚገባው ሰዓት ጀምሮ የሚቆጥር አማራጭ አገኘ።

በትልቁ ጫፍ ደግሞ ቁጥሮቹ ከሰው ልጅ ሥራ ጋር ያላቸው ዝምድና እየራቀ ሄደ። ኦራክል በ2010 መጨረሻ በደቂቃ ከ30 ሚሊዮን በላይ አዲስ ትእዛዝ አስመዘገበ፤ ኦሽንቤዝ የተባለው የቻይና ዳታቤዝ በ2020 ያስመዘገበው 707,351,007 ነው። በቲፒሲ-ሲ ደንብ መሠረት ለዚህ ውጤት ከ55 ሚሊዮን በላይ መጋዘኖችና ከ550 ሚሊዮን በላይ አስመሳይ ሠራተኞች ያስፈልጋሉ፤ እንዲህ ያለ የጅምላ መደብር በምድር ላይ ኖሮ አያውቅም። መለኪያው ከተፈጠረበት ሥራ ርቆ ቢሄድም፣ የጫነው ማሰሪያ ማለትም ያለ ሰው ቁጥር፣ ያለ ዳታቤዝ ስፋት ፍጥነት እንዳይኖር ያደረገው ደንብ እስከዚህ ድረስ አለመበጠሱ ግን ለሠሪዎቹ ትልቅ ክብር ነው።

በዚያው በ2020 ከውድድሩ መድረክ ውጭ የተካሄደ አንድ ምርመራ ደግሞ የሚያስበውን ሰው ዋጋ ከሰርቨሩ ወገን ሆኖ ለካው። ፖስትግሬስኪውኤል ለእያንዳንዱ ግንኙነት ራሱን የቻለ የሥራ ሂደት ስለሚያስነሣ፣ ብዙ ግንኙነት የማይወድ ዳታቤዝ ተብሎ የቆየ ሲሆን፣ ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ ምክንያት እያንዳንዱ ሂደት የሚይዘው ማህደረ ትውስታ ነበር። ከዳታቤዙ አበልጻጊዎች አንዱ የሆነው አንድሬስ ፍሮይንድ ጥቂት ግንኙነቶች ብቻ እየሠሩ ሺዎች ሌሎች ተከፍተው ዝም እንዲሉ በማድረግ ሲፈትን፣ ዝምተኞቹ የሚሠሩትን በግልጽ እንደሚያዘገዩ አየ። ምክንያቱም ማንኛውም ትራንዛክሽን ሲጀምር የትኛው መረጃ ለእርሱ እንደሚታይ ለመወሰን በወቅቱ ክፍት የሆኑትን ግንኙነቶች ሁሉ፣ ሥራ ላይ ያሉትንም ሥራ የፈቱትንም፣ አንድ በአንድ ያይ ነበር። ፈታኞች ግንኙነቶቹን ሁሉ ያለ ፋታ እያሠሩ ብቻ ቢቀጥሉ ኖሮ ይህ ወጪ ከሌላው ጭነት ተለይቶ ባልታየ ነበር። የቆጠራው መንገድ እንደገና ተሠርቶ፣ በመስከረም 2021 በወጣው ፖስትግሬስኪውኤል 14 ውስጥ ዝምተኛ ግንኙነቶች በሚሠሩት ላይ የሚያሳርፉት ጫና በእጅጉ ቀነሰ።